ፖሊስ ግቢ የቆመ ቮልስ በጨረታ ለምትገዛ

«በኤግዚቢትነት ተይዞ ፖሊስ ግቢ ለዓመታት የቆመ የ1966 እ.ኤ.አ. ቮልስ በግልጽ ጨረታ ሊሸጥ ነው፤ ማየት እንጂ ማስነሳት አይፈቀድም፤ ምን ላጣራ?» ላልከው ወንድሜ፦

ሞተሩን ለጊዜው ተወውና ከቁጥሩ ጀምር። የቮልስ ሞተር አራት ብሎን ተፈትቶ ወርዶ ይጠገናል፤ የተበላሸ ወረቀትን ግን መካኒክ አያድነውም። የኋላ መቀመጫውን አንሳ፤ ወለሉን መሃል ለመሃል በሚሰነጥቀው ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። ፊት ለፊት ኮፈኑ ውስጥ፣ ከስኮርት ጎማው ጀርባ ባለው ሰሌዳም ያው ቁጥር መኖር አለበት። የ1966 ሞዴል በ116 ይጀምራል። የሞተር ቁጥሩ ከዲናሞው መቀመጫ ስር ስለሆነ ዘይትና አቧራ ይሸፍነዋል፤ ጨርቅ ይዘህ ሂድ። በኤፍ ከጀመረ 1300 ሲሲ ነው፣ በዲ 1200፣ በኤች 1500። ሞተር መቀየሩ አያስደንቅም፣ በዚህ ዕድሜው ያልተቀየረለት ስንት ቮልስ አለ! ሊብሬው ላይ የሌለ ሞተር ግን ስም ስታዛውር ያስቆምሃል።

የጨረታ ኮሚቴውን ሳታፍር ጠይቅ፦ እንዲሸጥ የተሰጠው ውሳኔ አለ? ዋናው ሊብሬ አለ? ቀረጥ ተከፍሎበታል? ዕዳና እግድ የለበትም? ታክሱንና የስም ማዛወሪያውን ማን ይከፍላል? «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ካለ ከገዛህ በኋላ አቤቱታ የለህም ማለት ነው። ሲፒኦውን (ለማስያዣ ባንክ የሚሠራልህን የክፍያ ማዘዣ) ልክ በማስታወቂያው በተጻፈው ስምና መጠን አሠራ። አሸንፈህ በቀኑ ካልከፈልክ ማስያዣው ይቀራል።

ገንዘብ የሚበላው ዝገት ነው። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ከበሮቹ ስር ባለው ወፍራም ላሜራ ላይ አስኪደው፤ የማይዝባት ቦታ ስቱኮ (ቀዳዳ መሙያ) ናት። ላሜራው ውስጡ ቦይ ነው፤ በዚያ ቦይ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር ያልፋል፣ ቦዲውም የሚታሰረው በሱ ነው። ከበሰበሰ ቦዲው ከሻንሲው ተነስቶ ይበየዳል፤ እኔ ብሆን እዚህ ላይ ዋጋዬን በግማሽ እቀንሳለሁ። ባትሪው ከኋላ መቀመጫው ስር በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል፤ በጣትህ ተጫነው።

ሳይነሳም የሚፈተሽ አንድ ነገር አለ። ቺንጊያው የሚዞርበትን ትልቁን ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዘህ ወደ ራስህ ሳበው፣ መልሰህ ግፋው። ጤነኛው 0.15 ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሄድ እጅ ላይ አይታወቅም። «ቋ» ካለ ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ማቀፊያ) አልቋል፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይፈታል።

ካሸነፍክ ወደ ትራንስፖርት ቢሮ የሚጻፈውን ደብዳቤ እዚያው ቆመህ ከብረቱ ላይ ከቀዳኸው ቁጥር ጋር አመሳክር። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ፊርማና ማኅተም ፍለጋ ስትመላለስ ትከርማለህ።

ከግቢው በጎታች አውጣው። የዚያ ዘመን ፍሬን ባለ አንድ መስመር ነው፤ አንዱ የጎማ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ከማስነሳትህ በፊት የቆየውን ቤንዚን አፍስስ፣ ዘይቱን ቀይር (2.5 ሊትር ይበቃዋል)፣ ካንዴላዎቹን ፈትተህ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨምርና በእጅ አዙረው። የነዳጅ ቱቦዎቹን ግን አንድም ሳታስቀር ቀይር። የደረቀ ቱቦ ከካርቡሬተሩ ሾልኮ የጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባል፤ የሞተሩ ገላ ማግኒዚየም ስላለበት ከተያያዘ ውኃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።