የሚሠራ መሣሪያ ለምን ይተዋል?

ጥያቄ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የሞዴል 19 እና የሞዴል 22 (የዕቃ ገቢና ወጪ) መዝገባችን የሚያዘው ከሃያ ዓመት በፊት ፎክስፕሮ በተባለ የዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) መሥሪያ በተሠራ ፕሮግራም ነው። አዲስ የተቀጠረው የኮምፒውተር ባለሙያ «ማይክሮሶፍት ትቶታል፤ መቀየር አለበት» ይለናል። ፕሮግራሙ ግን አንድ ቀን እንኳ አስቸግሮን አያውቅም። ደህና የሚሠራን መሣሪያ ኩባንያው ለምን ይተወዋል? እኛስ ምን እናድርግ?
ጠያቂዋ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ጉልምስናዬን ያሳለፍኩት በዚሁ መሣሪያ ፕሮግራም ስጽፍ ነውና ቅሬታዎ ይገባኛል። ፎክስፕሮ የተተወው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ማይክሮሶፍት ፎክስ ሶፍትዌር የተባለውን የኦሃዮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲጠቀልል አብሮ ያገኘው ትልቅ ሀብት የፍለጋ ፍጥነቱ ነበር፤ ያንኑ ስልት ቆይቶ አክሰስ ለተባለው ሌላው የዳታቤዝ ፕሮግራሙም አዋሰው። በአንድ ቤት አክሰስ፣ ለትልልቅ ድርጅቶች የሚሆነው ዳታቤዝ ኤስኪውኤል ሰርቨርና ፎክስፕሮ ጎን ለጎን ኖሩ ማለት ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር በፈቃድ ክፍያ ይሸጣል። ፎክስፕሮን አንዴ የገዛ ባለሙያ ግን የሠራውን ፕሮግራም ለመቶ ደንበኛ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማደል ይችል ነበር። ለእኛ በረከት የሆነው ነገር ለሻጩ ገቢ አላመጣም፤ በእኔ እምነት ይህ ከውሳኔው ምክንያቶች አንዱ ነው።

ሌላው መሠረቱ ነው። ፎክስፕሮ ባለ 32 ቢት ነው፤ አንድ ሰንጠረዥ ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። ያንን ወሰን ለመሻገር ውስጡን እንደ አዲስ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ከዘጠነኛው ዕትም በኋላ ሌላ እንደማይኖር አስታወቀ፤ ድጋፉም በጃንዋሪ 2015 አበቃ። ፕሮግራምዎ ዛሬም የሚከፈተው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን አሁንም ስለሚያስተናግድ ነው። ጉድለት ቢገኝበት ግን ከኩባንያው የሚጠግነው የለም።

«አስቸግሮን አያውቅም» ብለዋል፤ እግዚአብሔር ጠብቋችኋል። አንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ መዝጋቢዋ የመጨረሻዋን መስመር ስትሞላ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ሰንጠረዡ አልከፈት አለ። የፎክስፕሮ ፋይል ስንት መዝገብ እንደያዘ ራስጌው ላይ ይጽፋል፤ መስመሯ ገብታ ቁጥሩ ሳይታደስ ነበር መብራቱ የሄደው። በአንዲት መስመር ልዩነት የዓመታት መዝገብ ተቆለፈ። ቁጥሩን ፋይሉ ውስጥ ገብቼ በእጄ እስካርም ድረስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ልጅቷም ከአጠገቤ አልተነሣችም። እንደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ያሉት ለውጡን አስቀድመው በተለየ መዝገብ ስለሚጽፉ መብራት ሲመለስ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ባለሙያው እውነቱን ነው፤ ነገር ግን አታስቸኩሉት። ከሁሉ በላይ የምሠጋው ለአማርኛው ነው። ፎክስፕሮ ዩኒኮድን፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠውን የጋራ ሥርዓት፣ አያውቅም። እያንዳንዱን ፊደል የሚያስቀምጥበት አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ስላለው፣ ፊደላችንን በላቲን ምልክቶች ቦታ ለማስገባት የፎንት ሠሪዎች ሁሉ የየራሳቸውን መላ ዘየዱ። እርስዎ በስክሪኑ ላይ «ሚስማር» ብለው የሚያነቡት፣ ፋይሉ ውስጥ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ነው። ፎንቱ ከጠፋ ቃሉም ጠፋ። ባለሙያው የትኛው ፎንት እንደሆነ ለይቶ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ ሰንጠረዥ ሳይሠራ አንድም መዝገብ አያዛውር።

ፋይሎቹን ስትገለብጡ በዲቢኤፍ የሚያልቁትን ብቻ አትውሰዱ፤ ረጃጅሙ ማስታወሻ ያለው በኤፍፒቲ በሚያልቁት ውስጥ ነው። ለመድረሻ የኤስኪውኤል ሰርቨር ነጻ ዕትም ይበቃችኋል፤ አንድ ዳታቤዝ እንደ ዕትሙ 10 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል። አሮጌውንና አዲሱን ቢያንስ አንድ የበጀት ዓመት ጎን ለጎን አስኬዱ፤ በየወሩ መጨረሻም ሚዛኑን አስተያዩ።

እርስዎም አንድ ነገር ያድርጉልኝ። አሮጌው ኮምፒውተር ሳይነካ የዕቃዎቹን ስም ዝርዝር በሙሉ በወረቀት ያትሙ፤ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በዝውውር ሊምታቱ የሚችሉት «ጸ» እና «ፀ»፣ «ሰ» እና «ሠ» ያሉባቸውን ስሞች ያስምሩባቸው። ዝውውሩ ሲያልቅ ወረቀቱን ይዘው ከባለሙያው ጎን ይቀመጡና አንድ በአንድ ያመሳክሩ።