300 ላም ይዤ ልግባ?

ጥያቄ፦ ኒውዚላንድ፣ ዋይካቶ ውስጥ በወተት እርሻ ተቀጥሬ ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ ጥቂት ገንዘብም አጠራቅሜያለሁ። አንድ ባለ እርሻ "300 ላም ይዘህ ና፣ የወተቱን ገቢ እኩል እንካፈል" ብሎኛል። ለላሞቹ ግን ከባንክ መበደር አለብኝ። በዚህ መንገድ የራሴ እርሻ ላይ እደርሳለሁ ወይስ ዕዳ ውስጥ እዘፈቃለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ይቻላል። እዚያ ሼርሚልኪንግ የሚሉት ይህ መንገድ ብዙ ተቀጣሪ አላቢዎችን ባለመሬት አድርጓል። ጊደሮችህን እያሳደግህ መንጋው ሲበዛ ሸጠህ ለመሬት ቅድመ ክፍያ ታደርገዋለህ፣ ሐሳቡ ይኸው ነው።

ችግሩ ብድሩ ላይ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እንደምታውቀው ክፍያው በሊትር ሳይሆን በወተቱ ውስጥ ባለው የስብና የፕሮቲን ኪሎ ነው። አንዲት ላም በዓመት 400 ኪሎ ሰጠች እንበል፤ 300 ላም 120,000 ኪሎ ይሆናል። ትልቁ የኒውዚላንድ የወተት ኅብረት ሥራ ድርጅት ፎንቴራ በ2013/14 የምርት ዘመን ለኪሎ 8.40 የኒውዚላንድ ዶላር ከፍሏል፣ እኩሌታህ 504,000 ዶላር በሆነ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጋው 3.90 ገባ። ያው ላም፣ ያው ድካም፣ 234,000 ብቻ! ከዚህ ላይ የሠራተኛ ደሞዝ፣ የከብት ሕክምና፣ የማዳቀያና የሞተር ወጪው በአብዛኛው ያንተ ነው። ይባስ ብሎ ወተት ሲረክስ የላም ዋጋም አብሮ ስለሚወርድ፣ ባንኩ ዕዳውን በሚጠይቅህ ሰዓት መያዣህም ረክሶ ይጠብቅሃል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የባለቤቱን ላሞች በድርሻ አልባለሁ። ድርሻው ከ20 እስከ 30 በመቶ አካባቢ ነው፣ ያንሳል፤ የከብቱ ዋጋ ቢወድቅ ግን ኪሳራው የእሱ ነው። ጎን ለጎን ጁላይና ኦገስት ላይ ከሚወለዱት ሴት ጥጆች ጥቂት ገዝቼ አሳድጋለሁ። ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ወልደው ይታለባሉ። የእነሱን ግጦሽ ውሉ ውስጥ አስገባ፣ በቃል ብቻ እንዳትቀበል።

በእኩል ልግባ ካልክ ደግሞ የውሉን ዘመን ተመልከት። የአንድ ዓመት ውል ይዘህ ጁን 1 ላይ፣ ሁሉም ከእርሻ እርሻ በሚቀያየርበት ቀን፣ 300 ላም ነድተህ የት ትገባለህ? ቢያንስ ሦስት ዓመት ጠይቅ። ከመፈረምህ በፊትም ከአንተ በፊት ለነበረው አላቢ ደውልለት። ለምን እንደለቀቀ፣ ማዳበሪያው በጊዜው ይገዛ እንደነበር፣ መኖ ሲያጥር ማን ከኪሱ ያወጣ እንደነበር ጠይቀው።