ቲቪው ላፕቶፑን ለምን አያገኘውም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ፊልሞቼ ያሉት መኝታ ቤት ባለው የሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ፊልሞችን በቤት ኔትወርክ ለቲቪ የሚያቀርብ ሚኒዲኤልኤንኤ የተባለ ሰርቨር ፕሮግራም ጭኜበታለሁ። ሳሎን ዋይፋዩ ስለደከመ ሁለተኛ ራውተር ገዝቼ በገመድ አገናኘሁት። ከዚያ ወዲህ ስማርት ቲቪው ሰርቨሩን አያገኘውም። ኢንተርኔቱ ግን በሁሉም ይሠራል፤ ስልኬም በድሮው ዋይፋይ ላይ ሆኖ ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ያገኘዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ላፕቶፑን አይነካኩት፤ ስልክዎ ካገኘው ጤነኛ ነው። ስልኩን ወደ አዲሱ ዋይፋይ ቢያዛውሩት እሱም ሰርቨሩን ያጣዋል ብለን እንጠብቃለን።

ቲቪው የሰርቨሩን አድራሻ አስቀድሞ አያውቅም። 239.255.255.250 ወደተባለ የጋራ አድራሻ፣ በዩዲፒ (የመልእክት መላኪያ ዘዴ ነው) ፖርት 1900 (ፖርት የመግቢያ በር ቁጥር ነው)፣ «ሚዲያ ሰርቨር የሆናችሁ አቤት በሉ» የሚል ጥሪ ይለቃል። የሰማ ሰርቨር መግለጫው የሚገኝበትን አድራሻ ይመልሳል፤ በሚኒዲኤልኤንኤ ፖርቱ ካልተቀየረ 8200 ነው። ቲቪው ያንን አንብቦ ስሙን ያሳያል። ሰርቨሩም በበኩሉ በየጊዜው «አለሁ» ይላል። የቤት ራውተር ግን ይህን ጥሪ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው አያሻግርም። በእርስዎ ቤት ገመዱ የገባው ሁለተኛው ራውተር ዋን (ኢንተርኔት ከውጭ የሚገባበት) ቀዳዳ ውስጥ ይመስላል፤ ስለዚህ ሳሎኑ ሌላ ኔትወርክ ሆኗል። የቲቪውንና የላፕቶፑን አይፒ (በኔትወርኩ ያላቸውን የቁጥር አድራሻ) ያስተያዩ፤ አንዱ 192.168.0 ሌላው 192.168.1 ብሎ ከጀመረ ነገሩ ተረጋገጠ። የሚገርመው፣ ቲቪው አድራሻውን ቢነግሩት ላፕቶፑ ጋ መድረሱ አይቀርም፤ የጠፋው መፈላለጊያው ብቻ ነው። አድራሻ በእጅ የሚጻፍበት ጄሊፊን የተባለው የፊልም ሰርቨር ፕሮግራም በእንዲህ ያለ ቤትም የሚሠራው ለዚህ ነው።

አዲሱ ራውተር «አክሰስ ፖይንት ሞድ» (የድሮውን ኔትወርክ ዋይፋይ ብቻ የሚያሰፋበት) የሚል ምርጫ ካለው እሱን ያብሩና ይገላገሉ። ከሌለው ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ገመዱን ከዋን ይንቀሉ፤ ሳይነቀል አድራሻ ሲቀይሩ አንዳንድ ራውተር ግጭት ነው ብሎ አይቀበልም። ቀጥሎ የሁለተኛውን ራውተር የላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) አይፒ 192.168.1.2 ያድርጉት (የመጀመሪያው 192.168.1.1 ከሆነ ማለት ነው)። በአዲሱ አድራሻ ተመልሰው ገብተው ዲኤችሲፒውን (ለመሣሪያዎች አይፒ የሚያድለውን) ያጥፉ። በመጨረሻ ገመዱን ከላን ቀዳዳዎቹ በአንዱ ይሰኩ፤ ዋኑ ባዶ ይቅር። ዲኤችሲፒውን አስቀድመው ካጠፉ ኮምፒውተርዎ አይፒ አጥቶ ከገጹ ውጭ ሊቀሩ ይችላሉ።

አይፒው ተመሳስሎም እምቢ ካለ፣ ቲቪው በእንግዳ ዋይፋይ ላይ እንዳልሆነና «ኤፒ አይሶሌሽን» (መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይገናኙ የሚያግድ) እንዳልበራ ይዩ። ሰርቨሩ ብቅ ብሎ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚሰወር ከሆነ «አይጂኤምፒ ስኑፒንግ» የሚለውን የራውተር ምርጫ (የጋራ ጥሪዎችን የሚያጣራ ነው) አጥፍተው ይሞክሩ። ላፕቶፑ ላይ ቪፒኤን ካለም ይዝጉት፤ «አለሁ» የሚለው መልእክት በዚያ በኩል ሊሄድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቲቪው የዴስክቶፔን ስም ያሳያል፤ ስከፍተው ግን ስህተት ይላል።

መልስ፦ ሰርቨር በወጉ ሲዘጋ «ሄጃለሁ» ብሎ ይሰናበታል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሳይሰናበት ይሞታል። የመጨረሻው «አለሁ» ብዙ ጊዜ ለ1800 ሰከንድ ይጸናል፤ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። በዚህ መሃል ራውተሩ ለዴስክቶፑ ሌላ አይፒ ከሰጠው ቲቪው የድሮውን በር እያንኳኳ ይቀራል። ራውተሩ ውስጥ ለዴስክቶፑ ማክ አድራሻ (የመሣሪያው መለያ ቁጥር) ቋሚ አይፒ ይመድቡለት። ለጊዜው ቲቪውን ከሶኬት ነቅለው ይመልሱት፤ በሪሞት ማጥፋት ብዙውን ጊዜ ማስተኛት ብቻ ነው። ስሙ ጭራሹን ከጠፋ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ቀድሞ ተነስቶ ሊሆን ይችላል፤ ዋይፋዩ ከመጣ በኋላ የሰርቨር ፕሮግራሙን ብቻ ዘግተው ይክፈቱት።