የዛገ ጣሳም ቅርስ ነው፦ ስለ ስቫልባርድ ጠይቁኝ

ለሰባት በጋ በስቫልባርድ አስጎብኚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከኖርዌይ ዋና ምድር ተነስቶ ወደ ሰሜን ዋልታ ለሚሄድ ሰው መንገዱ አጋማሽ ላይ የሚያገኛቸው ደሴቶች ናቸው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ነጭ ድብ ነው፤ ዛሬ ግን ስለ ታሪካዊ ቦታዎቹ ጠይቁኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰው በማይኖርበት በረዶ ላይ ምን ታሪክ ይኖራል? ግንብ የለ፣ ቤተ መንግሥት የለ።

እውነት ነው፣ ግንብ የለም። ከጥንት ጀምሮ የኖረበት ሕዝብም የለም። የሆላንዱ መርከበኛ ባረንትስ በ1596 ደሴቶቹን ካየ በኋላ ግን ዓሣ ነባሪ አዳኞች ጎረፉ። ከደሴቶቹ አንዱ በሆነው አምስተርዳም ደሴት ላይ ስሜረንቡርግ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙ «የስብ ከተማ» እንደማለት ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ሆላንዶች የዓሣ ነባሪ ስብ እያቀለጡ ዘይት ያወጡበት ነበር። ዛሬ ሄደህ የምታየው አሸዋው ላይ ክብ ክብ የሆነ ጥቁር ጉብታ ነው። ከምድጃው የፈሰሰው ዘይት ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ተላቁጦ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል። ምድጃው ራሱ ፈርሶ ሄዷል፤ የፈሰሰው ዘይት ግን እስከ ዛሬ ቅርጹን ይዞ ተቀምጧል። ድሮ ሺህዎች ይኖሩበት ነበር እየተባለ ይወራ ነበር፤ የቁፋሮ ባለሙያዎች ሲመረምሩት ግን ከ200 ሰው የማይበልጥ ሰፈር ሆኖ ተገኘ።

ጥያቄ፦ ፍርስራሽ ሁሉ በሕግ ይጠበቃል ማለት ነው?

ከ1946 በፊት የሆነ የሰው እጅ ሥራ ሁሉ፣ አዎ። በ2002 ሥራ ላይ የዋለው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ነው እንዲህ የሚለው። የትም መዝገብ ላይ መስፈር አያስፈልገውም፤ ዕድሜው ብቻ ይበቃዋል። ጎጆም ይሁን የቆርቆሮ ጣሳ፣ ምስማርም ይሁን የተሰበረ መቅዘፊያ። ለቋሚ ቅርሶቹ ደግሞ ዙሪያቸውን 100 ሜትር አብሮ ይጠበቃል፤ እዚያ ውስጥ ድንኳን መትከል፣ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። መቃብርና በማረጃ ቦታዎች የቀሩ የዋልረስ (ረጃጅም ጥርስ ያለው የባህር እንስሳ) እና የዓሣ ነባሪ አጥንቶች ደግሞ ዕድሜያቸው ምንም ይሁን ምን አይነኩም።

ጥያቄ፦ ለምን 1946? ሌላ ዓመት ጠፍቶ ነው?

መስመሩ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ቅሪት ወደ ጥበቃው ያስገባል። እዚያ ጦርነት ነበር ሲባል ብዙ ሰው አያምንም። በሴፕቴምበር 1943 የጀርመን የጦር መርከቦች የደሴቶቹን ዋና ከተማ ሎንግየርቢየንን በመድፍ አቃጥለዋል። ጀርመኖች የአየር ጠባይ መረጃ ለማግኘት ሲሉ ወታደሮችን በየስፍራው ይደብቁም ነበር። ከእነዚህ አንዱ፣ ሀውደገን የተባለው ጣቢያ፣ 11 ሰዎች ነበሩበት። በርሊን ከወደቀች በኋላ የሚወስዳቸው ጠፍቶ እዚያው ቀሩ። በመጨረሻ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1945 ሲል የሚባለውን የባህር እንስሳ የሚያድን የአንድ ኖርዌያዊ መርከብ ካፒቴን መጥቶ እጃቸውን ሰጡት። ጀርመን ከተሸነፈች አራት ወር ሊሞላ ነበር! ቤታቸው ዛሬም ቆሟል።

ጥያቄ፦ በመርከብ ጉዞ ሄጄ ከባህር ዳር አንድ ዝገታም ምስማር ይዤ መጣሁ። ጥፋት ነው ወይ ወንድሜ?

ጥፋት ነው እህቴ፤ ስለጠየቅሽ ግን አመሰግንሻለሁ። ለስቫልባርድ ገዥ ጽሕፈት ቤት ጻፊላቸው፣ የት እንዳነሳሽውም ንገሪያቸው። ምስማሩ ያለ ቦታው ዲዳ ነው። በቦታው ሳለ «እዚህ ጋ ጀልባ ተጠግኗል» ይል ነበር።

ቪርጎሃምና የሚባለውን የባህር ዳር ቦታ ብታዪ ይገባሽ ነበር። ስዊድናዊው አንድሬ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በ1897 በባሉን (በጋዝ በተሞላ ትልቅ ፊኛ) ወደ ዋልታው የተነሳው ከዚያ ነው፤ አስከሬናቸው በ1930 ሩቅ ደሴት ላይ ተገኘ። መሬቱ ላይ የሚታየው የባሉኑ ቤት ሳንቃና የብረት ዝገት ነው። ጋዙን ያመነጩት ከብረትና ከሰልፈሪክ አሲድ ነበርና። ላላወቀ ሰው ቆሻሻ መጣያ ይመስላል። ጎብኚ እየረገጠ፣ እያነሳ ጎዳው፤ ዛሬ ያለ ገዥው ፈቃድ እግር ማሳረፍ አይቻልም። እኔ ይህ በጣም ትክክል ነው እላለሁ፤ እንጀራዬ ጎብኚ ሆኖ ሳለም።

ጥያቄ፦ መቃብሮቹን አይተሃል?

አይቻለሁ፣ ከሩቅ። መሬቱ ሲቀዘቅዝና ሲላላ ሣጥኑን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ድንጋይ ቢከመርበትም ይወጣል። ሁሌ ልቤን የሚነካኝን ልንገራችሁ። በ1980 የሆላንድ ተመራማሪዎች የ185 ዓሣ ነባሪ አዳኞችንና ዘይት አቅላጮችን መቃብር መረመሩ። አንዳንዶቹ አጽሞች የሱፍ ቆባቸውን እንዳደረጉ ነበሩ፣ ባለ መስመር፣ ባለ ቀለም። በዚያ ብርድ ሁሉም ተጠቅልሎ ስለሚውል ጓደኛ ከጓደኛ የሚለየው በቆቡ ነበር ይባላል። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል አብሯቸው የተቀበረው። ቆቦቹ አሁን ሆላንድ፣ አምስተርዳም ከተማ በሚገኘው ሪክስሙዚየም ናቸው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከተወደደ ለምን ሁሉንም አይጠግኑትም?

አይቻልም። ምድሪቱ ከዓለም አማካይ በብዙ እጥፍ እየሞቀች ነው፤ የባህር በረዶ ሲጠፋ ማዕበሉ ዳርቻውን ይበላል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል። ስለዚህ ይመርጣሉ። የታዋቂው አዳኝ ሂልማር ኖይስ ቤት፣ ፍሬድሃይም፣ ገደሉ ሊወስደው ሲል በ2015 ወደ ውስጥ ተጎትቶ ተረፈ። ሌላው ብዙው ፎቶ ተነስቶ፣ ተለክቶ፣ ለባህር ይተዋል። ያማል። ግን ሁሉን በአዲስ ሳንቃ ብትጠግነው የሚቀረው አዲስ ሳንቃ ነው። ለጥገናው የሚውለው ገንዘብ በከፊል ከጎብኚው ይመጣል፤ በጉዞው ዋጋ ውስጥ 150 ክሮነር ተካቶ ለአካባቢ ጥበቃ ፈንድ ይገባል።

ጥያቄ፦ ኖርዌይ ላልኖርን ቪዛ ያስፈልጋል?

ለስቫልባርድ ራሱ ለማንም ቪዛ አያስፈልግም። ነገር ግን በኦስሎ በኩል ስለምታልፉ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ ስትመለሱም እንደገና ስለምትገቡ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ይሁን። ከሎንግየርቢየን ስትወጡ ደግሞ መሣሪያ የያዘ አስጎብኚ አይለያችሁ። ከከተማው ሳትወጡም ቀና ብላችሁ ተራራውን እዩ፤ የድንጋይ ከሰል ያመላልስ የነበረውን የገመድ መስመር የተሸከሙት የእንጨት ምሰሶዎች ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ።