«16 ጂቢ ራም» ተብሎ የተሸጠ ላፕቶፕ 8 ሆኖ ቢገኝስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። ደብረ ብርሃን ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ደረሰኙ «ራም 16 ጂቢ» ይላል፤ ቤት ስከፍተው ግን 7.8 የሚል አየሁ። ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ምን መብት አለኝ?

መልስ፦ መብትማ አለዎት። (ራም ማለት ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ ነው።) መጀመሪያ ግን ያዩት ቁጥር የትኛው እንደሆነ ይለዩ። በዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ብለው ሲገቡ ሁለት ቁጥር ያገኛሉ፤ ፊት ያለው የተገጠመው ራም ነው፣ በቅንፍ ያለው ደግሞ ሲስተሙ የሚጠቀምበት። ግራፊክሱ ጥቂት ስለሚወስድ 8 ተገጥሞ 7.8 ቢነበብ ጉድለት አይባልም። 16 ተገጥሞ በቅንፍ 4 እንኳ የማይሞላ ከሆነ የተጫነው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ሊሆን ይችላል፤ በ64 ቢት ይቀየራል እንጂ ክስ አያስመሠርትም። ክርክርዎ የሚቆመው የተገጠመው ራሱ 8 ከሆነ ነው።

ክዳኑን አይፍቱ። የራሙ ካርድ ላልቶም ሊሆን ይችላል፤ ግን አንዴ ከፈቱት «ራስዎ ነዎት ያወጡት» ለሚል ሻጭ በር ከፈቱ ማለት ነው። ይልቅ ሲያስነሱት ባዮስ ውስጥ ይግቡ፤ ይህ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ነው (በብዙዎቹ ኤፍ2 ወይም ኤፍ10)። በበርካታ ላፕቶፖች የራሙ መጠንና የማሽኑ መለያ ቁጥር እዚያው ገጽ ላይ አብረው ይታያሉ። ያንን ፎቶ ያንሱ። የዊንዶውሱ ገጽ ብቻውን የየትኛው ላፕቶፕ እንደሆነ አያስረዳም።

በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 እና 2288 መሠረት ሻጭ ያስረከበው ዕቃ ከውሉ ጋር ለመስማማቱ ኃላፊ ነው። ደረሰኙ ላይ የሰፈረው 16 ደግሞ የውሉ አካል ነው፤ «አይመለስም» ማለቱ ይህን አይሽረውም። ብዙ ገዢ የሚሸነፈው በመዘግየት ነው፦ ቁጥር 2291 እና 2292 ዕቃውን እንደተመቸዎ ወዲያው እንዲመረምሩና ጉድለቱን ሳይቆዩ ለሻጩ እንዲያስታውቁ ያዛሉ። ደብረ ብርሃን እስኪሄዱ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ፎቶውን በቴሌግራም ከጽሑፍ ጋር ይላኩ፣ ስልክ ብቻ ምስክር የለውም። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ በገዙ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልዎ ወይም ገንዘብዎ እንዲመለስ መጠየቅ ይችላሉ። እምቢ ካለ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ውሉ በተደረገበት ደብረ ብርሃን ለፍርድ ቤት ያመልክቱ።

ከመክሰስዎ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው በሚከፈተው መስኮት (ታስክ ማናጀር) ፐርፎርማንስ፣ ሜሞሪ የሚለውን ይዩ። ባዶ የራም ማስገቢያ ካለ ሻጩ ተመሳሳይ ዓይነት 8 ጂቢ ቢጨምር (ዲዲአር3 ከዲዲአር4 ጋር አይገጥምም) ለሁለታችሁም ይቀላል፤ መጨመሩን በጽሑፍ ያስፈርሙት። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደና ተጨማሪ ማስገቢያ የሌለው ከሆነ ግን «እጨምርልሃለሁ» የሚለውን አይቀበሉ፤ ገንዘብዎን ይጠይቁ።