መድረክ ላይ ላልወጣችሁ የጎንደር ብስክሌተኞች

ይህን የምጽፈው ለአሸናፊዎች አይደለም። አሸናፊ መካሪ አያጣም። ዋንጫውን ገና ሳያስቀምጥ ሁሉም አሠልጣኝ ይሆንለታል። እኔ የምጽፈው ውድድሩ ሲያልቅ ስማችሁ ለማይጠራው ነው። የደረታችሁን ቁጥር ነቅላችሁ፣ በባጃጅ መሀል እየተሹለከለካችሁ ወደ ቤት ለምትገቡት።

በሙያዬ የመንገድ ቀያሽ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ዳገት በመለካት ነው። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ያንኑ ዳገት በብስክሌት እወጣዋለሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ተወዳድሬአለሁ፤ መድረክ ላይ ግን ወጥቼ አላውቅም። ሲቀናኝ መሀል እገባለሁ። ሳይቀናኝ ከውራ ትንሽ ከፍ እላለሁ። ውራም ወጥቼ አውቃለሁ። አሁን ፀጉሬ ሸብቶም ኮርቻው ላይ ነኝ።

አንድ ልጅ በቀደም፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሳያሸንፉ እንዴት አልሰለችዎትም?» አለኝ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም። የጨነቀው የራሱ ነገር ነው። «ውድድሩ ውስጥ ሥራ ስለነበረኝ» አልኩት። አልገባውም መሰለኝ፣ ዝም አለ። እንግዲህ እዚህ ላብራራው።

ከትልቁ እንነሳ። እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳይ የሚካሄደውን ትልቁን የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ የጀመሩት 176 ብስክሌተኞች ነበሩ። የሚወዳደሩበት 21 ቀን ነው። በየቀኑ የሚያሸንፈው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ። እሱም ለብዙ ሰው አልተዳረሰም። ታዴይ ፖጋቻር ብቻውን ስድስት ቀን አሸነፈ። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ ሦስት ቀን አሸንፎ ብዙ ነጥብ ለሰበሰበው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ወሰደ። ከእሱ በፊት በቱሩ አንድ ቀን እንኳ ያሸነፈ ጥቁር አፍሪካዊ አልነበረም፤ ያን ሰሞን ደስ ያላለው ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም። የቀሩት ከመቶ በላይ ሰዎችስ? ምንም ሳያሸንፉ ሻንጣቸውን ይዘው ተመለሱ። ልብ በሉ፣ እነዚህ በዓለም ምርጥ ከሚባሉት ናቸው። ደመወዝ ይከፈላቸዋል። ታዲያ ሲያደርጉ የሰነበቱት ምንድን ነው? አንዱ ለቡድኑ መሪ፣ ቡድኑ እንዲያሸንፍ ለሚያግዘው ሰው፣ ነፋስ ይከላከላል። ሌላው ከቡድኑ መኪና ውሃ ያመላልሳል። ሌላው ዳገቱ ሥር እስኪደርሱ ፍጥነቱን ይዞ ይጎትትና እዚያ እግሩ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ስንተኛ ይግባ ስንተኛ የሚጠይቀው የለም። ድርሻውን ጨርሷል።

የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። እሱም በትልልቆቹ ቡድኖች ውስጥ ዋና ሥራው መሪዎቹን ማገዝ ነበር። ውጤት ሰንጠረዥ ላይ ብቻ የሚፈልገው ሰው ያን ሁሉ ልፋት አያየውም።

ወደ እኛ ልመለስ። የእኛ ውድድር ላይ ችግሩ ማሸነፍ የማይችለውም ማንንም ማገዝ አለመፈለጉ ነው። ከአዘዞ አልፋችሁ ወደ ማክሰኝት በሚወስደው ሜዳ ላይ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ተመልከቱ። ሁሉም ጀርባ ፈልጎ ይደበቃል። መምራት የሚፈልግ የለም። ፊት ያለው ክርኑን እያወዛወዘ «ውጣ እንጂ!» ይላል፣ ከኋላ ያለው ያልሰማ ይመስላል። ነገሩ ግልጽ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ከፊተኛው ጎማ ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከጉልበቱ ከሩብ እስከ ሲሶ ያተርፋል። ስለዚህ ፊት ሆኖ የሚገፋ ሰው የማይታይ ግን እውነተኛ ሥራ እየሠራ ነው።

አንድ ዓመት ከሠፈራችን አንድ ቀጭን ልጅ ነበር። ዳገት ላይ ፍየል ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ነፋስ ይወስደዋል። እኔ ግዙፍ ነኝ፣ ዳገት አይሆንልኝም። ከውድድሩ በፊት ተነጋገርን። ሜዳውን በሙሉ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ መጣ። ዞር ባልኩ ቁጥር የሚታየኝ የሄልሜቱ ጫፍ ብቻ ነው። ዳገቱ ሊጀምር ሲል ባቴን ቁርጥማት ያዘኝ፤ ወደ ጎን ወጣሁና «ሂድ!» አልኩት። ማርሹን ሁለት ጊዜ ሲቀይር ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ተሰማኝ። ከዚያ ወዲያ ጀርባው ብቻ ነው የታየኝ። ሁለተኛ ወጣ። እኔ ስደርስ ሽልማቱ አልቆ ድንኳኑ እየተነሳ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለራሴ ብዬ ስወዳደር እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የሚታገዝ ሰው ከሌላችሁ ለራሳችሁ ሥራ ስጡ። ዛሬ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ከግሩፑ አልቆረጥም። ዛሬ ኩርባ ላይ ፍሬን ሳላበዛ እወጣለሁ። ዛሬ ውሃዬን ሳይጠማኝ እጠጣለሁ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ማታ «ምን ሠራህ?» ስትባሉ መልስ አላችሁ። «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ በእጃችሁ አይደለም። ያን ቀን ከባሕር ዳር ጥሩ ጥሩ ልጆች ከመጡ አምስት ደረጃ ትወርዳላችሁ። ካልመጡ ትወጣላችሁ። እግራችሁ ግን ያው እግር ነው።

አሁን የሙያዬን ነገር ላንሳ፣ ቀያሽ ዝም ማለት አይችልም። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ደባርቅ ከ2,800 ያልፋል። ይህ ማለት ከጎርጎራ ብትመጡም ከአዘዞ ብትመጡም ጎንደር የምትገቡት ሽቅብ ነው። ደክሟችሁ ስትመለሱ ነው ዳገቱ የሚጠብቃችሁ። ወደ ሰሜን ከወጣችሁ ደግሞ ከወለቃ ጀምሮ እስከ ኮሶዬ እየከፋ ይሄዳል። እዚህ ያደገ ብስክሌተኛ ሳያውቀው ብዙ ይሠራል።

ሌላም አለ። በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገሮች አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ስልካችሁ ላይ ቤልጅየም ያለ ልጅ በሰዓት ይህን ያህል ሄደ የሚለውን እያያችሁ አንገታችሁን አትድፉ። እሱ የሚተነፍሰው ሌላ አየር ነው፣ የሚወጣውም ሌላ መንገድ። ዳገት ላይ ደግሞ ነፋስ ብዙም አይጎዳም፤ የሚጎትታችሁ ክብደታችሁ ነው። እንደ እኔ አጥንተ ሰፊ የሆነ ሰው ኮሶዬ ላይ ቢቀደም ስንፍና አይደለም። ያው ሰው ሜዳ ላይ ጠቃሚ ነው። ሰውነታችሁን እወቁት፣ ከዚያ ቦታ ፈልጉለት።

እኔ የምለካው ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ያለውን ነው። 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ። ደብተር ላይ ሰዓቱን እጽፋለሁ። ከጎኑ ነፋስ ነበር፣ ዝናብ ነበር፣ አሮጌው ጎማ ነበር፣ አዲሱ ነበር እያልኩ አክላለሁ። ነፋሱን ሳይጽፉ ሰዓቱን ብቻ መጻፍ ራስን ማታለል ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳም የልብ ምቴን በጣቴ እቆጥራለሁ። ከወትሮው ፈጠን ካለ ያን ቀን ብስክሌቱ ይቆማል።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ብዙ ልጆች «ስሜቴ ጠፋ፣ ልተወው ነው» ብለው ይመጣሉ። ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው ሌሊት ስልክ ሲነካኩ ያድራሉ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይወጣሉ፣ ቀን ሥራ ይውላሉ። ይህ ተስፋ መቁረጥ አይደለም፣ ድካም ነው። ሁለቱ ከውስጥ ሲሰሙ አንድ ናቸው። ስለዚህ ስሜታችሁ ሲጠፋ ከምንም በፊት እንቅልፋችሁን ጠርጥሩ። ለሳምንት ተኙ፣ ከዚያ ወስኑ። ጾም ላይም እንዲሁ ነው። እየጾመ የሚጋልብ ብዙ ነው፣ ይቻላል። በሶ፣ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ሽሮ በደንብ ይይዛል። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምሱ ከባድ ልምምድ አትሥሩ። ቀለል ያለውን ለጾም ተዉት። እግራችሁ እምቢ ሲል ሰነፍኩ ትላላችሁ፤ እሱ ግን የራበው ነው።

ስለ ገንዘብ አጭር ልበል። ብስክሌት እንጀራ አይሆናችሁም። ለጥቂቶች ይሆናል፤ ለእናንተና ለእኔ አይሆንም። ሥራችሁን ያዙ፣ ትምህርታችሁን ጨርሱ። ጎማና ሰንሰለት እንደምታውቁት እሳት ሆኗል፣ ከመነዳሪ እንኳ እየተለጠፈ ነው የምንጠቀመው። ውድ ብስክሌት ያለውን አይታችሁ አትብገኑ። ጎማችሁን በደንብ ንፉ፣ ሰንሰለታችሁን ከአቧራ ጠርጋችሁ ትንሽ ዘይት አድርጉለት፤ ቁም ነገሩ እዚያ ነው። ክረምት ሲገባ የፍሬን ላስቲኩን ሳታዩ ወደ አዘዞ ቁልቁል እንዳትለቁ። አይሱዙ ይቅርታ አያውቅም። ሄልሜት ጉዳይ ላይ ደግሞ አልከራከርም፤ የሌለው ሰው ከእኔ ጋር አይወጣም።

ቤተሰብ ይስቃል፣ ቻሉት። እናቴ ነፍሷን ይማረውና፣ «ይህን ሁሉ ላብ ካወጣህ አይቀር ወፍጮ ቤት ደርሰህ ብትመለስ ምን ነበረበት?» ትለኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ሠፈር ውስጥ «ውራው መጣ» የሚላችሁም አይጠፋም። ከሚሉት አብዛኞቹ እስከ አዘዞ ባጃጅ ይዘው እንኳ ይደክማቸዋል። መልስ አትስጡ። ቆይተው ራሳቸው የድሮ ብስክሌታቸውን ይዘው ይመጡና «ራጂውን አጥብቅልኝ» ይሏችኋል።

ሴት ልጆች ላይ ግን ነገሩ ሳቅ ብቻ አይደለም። «ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?» የሚለው ንግግር ከዳገቱ ይከብዳል። ቁምጣ መልበስ ብቻውን ጦርነት ነው። እዚህ ላይ ለእነሱ የምመክረው የለኝም፤ የምመክረው ወንዶቹን ነው። አብራችሁ ስትወጡ ጥላችኋት አትብረሩ። መንገድ ላይ የሚለክፋት ካለ ዝም አትበሉ። ሜዳ ላይ ስትመራ ደግሞ «ሴት መራችኝ» ብላችሁ ክብራችሁ የሚነካ ከመሰላችሁ፣ ነፋሱ ወንድና ሴት እንደማይለይ አስታውሱ።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተሰለፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። የሄዱት ሯጮች ብቻ አልነበሩም፣ ብስክሌተኞችም ነበሩ። ሜዳሊያ ይዞ የተመለሰ የለም። ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ አሸነፈና ሁላችንም ሯጭ ሆንን። በዚህ ቅር አይለኝም። ግን አንድ ልጅ «ብስክሌት የእኛ ስፖርት አይደለም» ሲለኝ ይህችን እነግረዋለሁ።

እንግዲህ አሁን አሁን ከከተማ ርቆ መውጣት እንደ ድሮው እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ደባርቅ ደርሼ ልመለስ የሚባልበት ጊዜ አይደለም። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሚያውቅ ሰው ሳትጠይቁ አትውጡ፣ ጥርጣሬ ካለ ቅሩ። ከተማው ውስጥ ዳገት ሞልቷል። ከቀሀ ወንዝ ወደ ቁስቋም፣ ከፒያሳ ወደ ጎሃ፤ አሥር ጊዜ ብትመላለሱባቸው ማታ በደረጃ መውጣት ያቅታችኋል። መንገድ ሲከፈት ደግሞ ኮሶዬ የትም አይሄድም። ጉም ውስጥ ስትወጡ የገብሱ ማሳ አይታይም፣ የእረኞቹ ድምፅ ብቻ ነው ከግራ ከቀኝ የሚመጣው፤ «በርታ! በርታ!» እያሉ ከጎናችሁ በባዶ እግራቸው ይሮጣሉ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ይቀድሟችኋል።

ይህን ሁሉ ብዬም መተው የሚፈልግ ሰው ይኖራል። ይተው። ስትወጡም ሆነ ስትመለሱ ደስ የማይላችሁ ከሆነ፣ ልምምዱን ስታስቡት ሆዳችሁን ባር ባር የሚለው ከሆነ፣ እንቅልፉንም ምግቡንም አስተካክላችሁ ካልተለወጠ፣ ማንም አላስገደዳችሁም። ሩጫ አለ፣ ኳስ አለ፣ ቁጭ ብሎ ማንበብም አለ። ለራሳችሁ «ያልተሳካልኝ ሰው ነኝ» የሚል ታፔላ ግን አትለጥፉ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ብስክሌቱን ዝገት እንዲበላው ከአልጋ ሥር አትጣሉት። አራዳ ገበያ ዙሪያ በሰዓት እየተከራየ የሚነዳ ታዳጊ አይጠፋም። ዋጋውን አታክርሩበት፣ የመጀመሪያውንም ሳምንት አብራችሁት ውጡ።