ብቻዬን እንዳልጠጣ ብዬ

ልጆቼ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራውን ከሩቅ የሚያይ ሰው ጋዜጣዊ መግለጫውን፣ ባነሩን፣ የምረቃ ሪባኑን ያያል። የማይታየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እንግዳ ይጋበዛል፣ ውስኪ ይወርዳል። ከእንግዳው ቀድሞ ተነሥቶ መሄድ ነውር ነው፤ እሱ እየጠጣ ለስላሳ ይዞ መቀመጥ ደግሞ ከንቀት ይቆጠራል። አንድ አለቃዬ «ውሉ የሚፈረመው ቀን ነው፣ የሚያልቀው ግን ማታ ነው» ይል ነበር። እኔም ማታ ማታ ሥራ ላይ ነኝ እያልኩ ስንት ዓመት ቤቴ የገባሁት ልጆቼ ከተኙ በኋላ ነው።

ዛሬ በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ያላችሁ፣ በተለይ በቅርብ ያገባችሁ ወጣቶች አንድ የቆየ የአሜሪካ ፊልም እንድታዩ እፈልጋለሁ። «ዴይስ ኦፍ ዋይን ኤንድ ሮዝስ» ይባላል፤ የወይንና የጽጌረዳ ቀናት እንደ ማለት ነው። ርዕሱ የተወሰደው ኧርነስት ዳውሰን ከተባለ እንግሊዛዊ ግጥም ነው። ገጣሚው ራሱ ብርቱ ጠጪ ነበር፣ በ32 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1900 ሞተ። ታሪኩን የጻፈው ጄ. ፒ. ሚለር ሲሆን መጀመሪያ በ1958 ለቴሌቪዥን ድራማ ተሠራ፤ በ1962 ብሌክ ኤድዋርድስ ለሲኒማ አዘጋጀው። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ እንዳትንቁት። ጃክ ሌመንና ሊ ሬሚክ ባልና ሚስት ሆነው ይጫወታሉ፤ ሁለቱም በዚሁ ሥራቸው ለኦስካር ታጭተዋል። ሽልማቱን የወሰደው ግን የሄንሪ ማንቺኒና የጆኒ ሜርሰር ዘፈን ነው።

ሌመን እስከዚያ ድረስ ይበልጥ የሚታወቀው በአስቂኝ ፊልሞች ስለነበር መጀመሪያ ላይ ትስቃላችሁ። እኔ በወጣትነቴ በአንድ ጓደኛዬ ቤት በካሴት ሳየው ስቄያለሁ። ጆ ክሌይ የሚባለው ይህ ሰው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው። ሥራው ለደንበኛ ግብዣ ቆነጃጅት ማቅረብን ሳይቀር ይጨምራል። ኪርስተንን ሲያገኛትም ከእነዚያ ሴቶች አንዷ መስላው ነው፤ እሷ ግን የደንበኛው ጸሐፊ ናት። ሥራው ያሳፍረዋል። ያሳፈረውን ነገር ለመርሳት ይጠጣል፣ ጠጥቶ በማግሥቱ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ይህን ክፍል ሳየው ጓደኛዬን በክርኔ ጎሸም አድርጌ «እኛን ነው የሚያወራው» ብዬዋለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ቀዳን።

ኪርስተን መጠጥ አትወድም። የምትወደው ቸኮሌት ነው። ጆ ይህን ሲሰማ ብራንዲ አሌክሳንደር ያዝዝላታል፤ ብራንዲ ከካካዎ ሊኬርና ከክሬም ጋር የተቀላቀለበት፣ ከመጠጥ ይልቅ ጣፋጭ ምግብ የሚመስል ነገር ነው። ቀመሰችው፣ ደስ አላት። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ለማይጠጣ ሰው መቼም ቢሆን ኮምጣጣው አይቀርብለትም። ጣፋጩ ነው የሚቀርበው፣ የሚያቀርበውም ጠላት አይደለም። ጆ ወዷት ነው ያዘዘላት።

አሁን ቆም ብላችሁ እንድታዩት የምፈልገው ቦታ ላይ ደርሻለሁ። ተጋብተው ሴት ልጅ ወልደዋል። ኪርስተን ሕፃኗን ስለምታጠባ አትጠጣም። ጆ አንድ ማታ ሰክሮ ይገባል። ይጮኻል፣ ልጅቷን ይቀሰቅሳል፣ ከዚያ መነጫነጭ ይጀምራል። እኔ ብቻዬን ነው የምጠጣው፣ ድሮ አብረን እንስቅ ነበር፣ አሁን ቤቱ ቀዘቀዘ ይላል፤ ቃል በቃል ባይሆንም መንፈሱ ይህ ነው። አይመታትም፣ አያስፈራራትም። ቅሬታ ብቻ ነው። እሷም ይቅርታ ትጠይቀውና ብርጭቆ ታነሣለች።

በፊልሙ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚጮኹ ትዕይንቶች አሉ፤ ሰው የሚያወራውም ስለ እነሱ ነው። ለእኔ ግን ትዳሩ የፈረሰው እዚህ ላይ ነው። መጠጥ የያዘው ሰው አብሮት የማይጠጣ ሰው ሲያይ መስተዋት ያየ ይመስለዋል፣ መስተዋቱን መሸፈን ይፈልጋል። ሚስቱን «አብረሽኝ ጠጪ» የሚላት ለእሷ ደስታ አስቦ አይደለም።

ይህን የማውቀው ከፊልሙ አይደለም። ባለቤቴ መጠጥ የማይገባበት ቤት ያደገች ናት። በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ገደማ፣ ከግብዣ ስመለስ ጣፋጭ ወይን ይዤላት መግባት ጀመርኩ። «ትንሽ ቅመሺ፣ እንጫወት» እላለሁ። ብርጭቆውን ትቀበለኛለች። እኔ ልብሴን ልቀይር ገብቼ ስወጣ ብርጭቆዋ ጎደል ብሏል፤ ደስ ይለኛል፣ እጨምርላታለሁ። እንዲህ እያልን ጥቂት ወራት ሄድን። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ የተከለችው ጤና አዳም ድርቅ ብሎ አየሁት። «ምን ነካው?» ብላት «ያንተ ወይን አልተስማማውም» አለችኝ። ልብስ ማስጣቷንም አላቋረጠችም።

ፊልሙ ውስጥ ጆ ጠርሙሱን የሚደብቀው አበባ በተተከለበት ነገር ውስጥ መሆኑን ትዝ ባለኝ ቁጥር ያችን ቅዳሜ አስባለሁ። ያኔ ግን አልሳቅሁም፣ ተቆጣሁ። ለሁለት ሳምንት አኮረፍኳት። እስቲ አስቡት፣ ባለመስከሯ ያኮረፈ ባል! ኪርስተን የእኔ ባለቤት አልነበረችም፤ ጆን ግን ሆኜ ነበር፣ አንድም ሳይቀረኝ። ልዩነታችን የእሱ ሚስት መጠጡን ዋጠችው፣ የእኔዋ አፈሰሰችው። በእኔ ብርታት የሆነ ነገር የለም።

የቀረውን ታሪክ ስታዩት ታውቁታላችሁ። ጆ በመጠጡ ምክንያት ከደረጃው ዝቅ ይደረግና ወደ ሌላ ከተማ ይላካል። ኪርስተን ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትጠጣ እሳት ታስነሣለች፣ ራሷንና ልጇን ለጥቂት አታስፈጅም። ጆ ሥራ በሥራ ላይ ያጣል። አንድ ቀን በአንድ ቡና ቤት መስኮት ላይ ያየው ጎስቋላ ሰው የራሱ ምስል ሆኖ ይደነግጣል። ከዚያ አባቷ ዘንድ ይሄዳሉ፤ ሽማግሌው አበባና ችግኝ የሚያፈሉ ናቸው። ላባቸውን እያፈሰሱ ጥቂት ጊዜ ከመጠጥ ርቀው ይኖራሉ፣ ያምርባቸዋል። ጆ ግን «ይገባናል» ብሎ ጠርሙሶች እግሩ ላይ አስሮ በሱሪው ሥር ያስገባል። ማታ በዝናብ፣ የደበቀውን አንዱን ጠርሙስ ፍለጋ የአማቱን የመስታወት ቤት ተክል ሁሉ እየነቀለ ሲያፈራርሰው የምታዩት ትዕይንት አለ። ሌመንን እንደዚያ ያየሁት ሌላ ፊልም የለም። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በስተርጅናው፣ በአንድ የቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ስለዚሁ ፊልም ሲያወራ እሱም የአልኮል ሱሰኛ መሆኑን በወሬ መሀል ጣል አደረገው።

ከዚያ በኋላ ጆ ሆስፒታል ውስጥ እጁን በሚያስር ልብስ ተጠፍሮ ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ «ክፍል ውስጥ ቆልፉበት፣ በሦስት ቀን ይተወዋል» የሚል ምክር ሰምቻለሁና። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው አእምሮው ከአልኮሉ ማደንዘዣነት ጋር ታግሎ ለመንቃት ራሱን አፋጥኗል። መጠጡ በድንገት ሲቆም ማደንዘዣው ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ይቀራል። በሰዓታት ውስጥ እጅ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ትኩሳት። ሰው ይሞትበታል። ሐኪም በመድኃኒት ቀስ አድርጎ ያወርደዋል፣ ቫይታሚን ቢ አንድም ይሰጠዋል። እንግዲህ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ ጸበሉም ሽምግልናውም ከዚያ ጎን ይሂድ፣ እኔ አልከለክልም።

ጆን የሚያነሣው አልኮሊክስ አኖኒመስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ኦሃዮ ውስጥ አክሮን በምትባል ከተማ አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም፣ ሁለቱም ጠጪዎች፣ የመሠረቱት ማኅበር ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ ጠጪ ለጠጪ ያወራል። ጆ ሰው ፊት ቆሞ ስሙን ተናግሮ «የአልኮል ሱሰኛ ነኝ» ይላል። ኪርስተን ያችን ዓረፍተ ነገር መናገር አትችልም። ራሴን መግዛት አላቃተኝም ነው የምትለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ግትር ሴት መስላኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላይም። ወንድ ሲሰክር «ሥራው ነው፣ ጓደኛው ነው» ይባላል። እናት ስትሰክር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ በሳን ፍራንሲስኮም በእኛም ሰፈር ያው ነው። እሱ መናዘዙ ክብር አስገኘለት። እሷ ብትናዘዝ ምን ያገኛት ነበር? ፊልሙ ይህን ጥያቄ በደንብ አልጠየቀውም፤ ከዚህ ሌላ እንከን አላገኘሁበትም።

ከዳነ በኋላ ጆ አንድ ጊዜ ደውላለት ወዳለችበት ሞቴል ይሄዳል። ሰክራለች። ሊያመጣት ነው የሄደው፤ እሷ ደግሞ አብረኸኝ ጠጣ ትለዋለች። ያ የድሮው ማታ ተገልብጦ መጣ። ጠጣ። መጠጡ ሲያልቅ የተዘጋ መጠጥ መሸጫ ሱቅ ሰብሮ እስከ መግባት ደረሰ። እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የጠጪ የትዳር ጓደኛ የሆናችሁ ሁሉ፣ «ቻይው»፣ «ቻለው» የሚላችሁ ዘመድ ሞልቷል፤ እኔም ሽማግሌ ሆኜ ገብቼ «ቻይው» ያልኩበት ቤት አለ፣ ዛሬ ይቆጨኛል። መቻል ምን ማለት እንደሆነ አልነገርኳትም። አለቃው ሲደውል «አሞታል» ብሎ መዋሸት፣ ዕዳውን በድብቅ መክፈል፣ ትፋቱን ጠርጎ ጠዋት ምንም እንዳልሆነ ቁርስ ማቅረብ፤ ይህ ሁሉ መጠጡን ያቆየዋል እንጂ ሰውየውን አያቆየውም። የጠጪ ቤተሰቦች የሚሰበሰቡበት አል አኖን የሚባል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1951 ተመሥርቷል፤ ከመሥራቾቹ አንዷ የዚያው የአክሲዮን ደላላ ሚስት ሎይስ ዊልሰን ናት። ባሏ መጠጥ ከተወ በኋላ ነው እሷም መታከም እንዳለባት የገባት። አሜሪካ ያላችሁ በየሰፈራችሁ ታገኙታላችሁ። ሌላው ቢያንስ አንድ የሚያምነው ሰው ይፈልግና ሳይዋሽ ያውራ።

አገራችን ውስጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን፣ ከሬዲዮና ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ተነሥቷል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ መሸጥም ተከልክሏል። ማስታወቂያ በመሥራት እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፤ ደግ አደረጉ እላለሁ። የእንግዳ ግብዣውን ጠረጴዛ ግን አዋጅ አይደርስበትም። እዚያ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ በመጨረሻ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» አልኩ። ውሸት ነበር፣ የከለከለችኝ ጤና አዳም ተካይዋ ናት። አንድም ደንበኛ አልሸሸም። እንዲያውም ሁለቱ በጆሮዬ «የትኛው ሐኪም ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ባለፈው ዓመት ፊልሙን ከባለቤቴ ጋር አየሁት። እሷ አይታው አታውቅም። መጨረሻው ላይ ኪርስተን ሁለት ቀን ሳትጠጣ ወደ ቤት ትመጣለች፤ መመለስ ትፈልጋለች፣ ግን ጨርሼ እተዋለሁ ማለት አትችልም። ሳትጠጣ ዓለሙ ሁሉ ቆሻሻ ሆኖ ይታያታል። ጆ እየወደዳት አይቀበላትም። ትሄዳለች። ልጅቷ ከእንቅልፏ ነቅታ እናቷ ትድን እንደሆነ አባቷን ትጠይቀዋለች። በመስኮቱ የቡና ቤት መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ያልቃል።

ባለቤቴ ሪሞቱን አንሥታ ቴሌቪዥኑን አላጠፋችም። ትንሽ ቆይታ «ያቺ ልጅ አሁን ስንት ዓመቷ ይሆናል?» አለችኝ። ፊልም እኮ ነው ልላት ብዬ ተውኩት፤ በጣቴ ቆጠርኩ። «ወደ ሰባ ትጠጋለች» አልኳት።

«ትጠጣ ይሆን?» አለች።